እንጎቻው እስኪበስል፦ ትንንሽ ልጆች ራሳቸውን መግዛት እንዴት ይማራሉ?

ራስን መግዛት ማለት አንድ ልጅ እጁ ሊዘረጋ ሲል መሰብሰብ፣ ቁጣው ሲነሳ ማብረድ፣ የጀመረውን ሳይጨርስ ወደ ሌላ አለመሮጥ መቻሉ ነው። ማንም ይህን ችሎታ ይዞ አይወለድም። የሁለት ዓመት ሕፃን የጎረቤት ልጅ የያዘውን ዳቦ የሚነጥቀው ባለጌ ስለሆነ አይደለም፤ ሲከለከል መሬት ላይ እየተንፈራፈረ የሚያለቅሰውም ወላጆቹን በእንግዳ ፊት ሊያዋርድ አስቦ አይደለም። ፍላጎቱን የሚይዝለት ልጓም ገና አልተሠራለትም። ልጓሙ የሚሠራው በዓመታት ውስጥ፣ በአብዛኛውም ትልልቆች ትምህርት ነው ብለው በማያስቧቸው ጥቃቅን አጋጣሚዎች ነው።

እንዲህ ያሉ አጋጣሚዎች ከወልዲያ ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው የመቄት ወረዳ ከተማ በፍላቂትና በዙሪያዋ ባሉ የደጋ መንደሮች በየቤቱ ሞልተዋል። እናት እንጀራ ጋግራ ልትጨርስ ስትል ከተረፈው ሊጥ ለልጇ እንጎቻ ትጋግርለታለች። ልጁ ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ አክንባሎው እስኪነሳ ይጠብቃል። እጁን ቀድሞ ከሰደደ ይቃጠላል፤ ከጠበቀ ይበላል። ቡና ሲፈላ ደግሞ ጎረቤት እንዲጠራ የሚላከው እሱ ነው። በመንገድ ላይ ውሻ፣ ኳስ፣ ጓደኛ ያጋጥመዋል፤ እነዚህን ሁሉ አልፎ «እማዬ ቡና ጠጡ ብላለች» የሚለውን መልእክት ሳይረሳ ማድረስ ለአምስት ዓመት ልጅ ቀላል ሥራ አይደለም።

ለዚህ ችሎታ ዋናውን ድርሻ የሚይዘው የአንጎል ክፍል ከግንባር ጀርባ ይገኛል። ከሌሎቹ ክፍሎች ዘግይቶ የሚበስል ሲሆን፣ እድገቱ እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ይቀጥላል። ተመራማሪዎች ሥራውን በሦስት ይከፍሉታል፦ የመጣን ስሜትና ልማድ መግታት፣ የተባለን ነገር በአእምሮ ይዞ መቆየት፣ ሁኔታው ሲለወጥ አብሮ መለወጥ። ሦስቱ አብረው ስለሚሠሩ አንዱ ሲጎድል ሌላው የተበላሸ ይመስላል። «በሩን ዝጋና ውሃ አምጣልኝ» የተባለ የሦስት ዓመት ልጅ በሩን ዘግቶ ውሃውን ቢተወው፣ እምቢተኛ ሆኖ ሳይሆን ሁለቱን ትእዛዝ አንድ ላይ መያዝ አቅቶት ሊሆን ይችላል።

ችሎታው በፍጥነት የሚያድገው ከ3 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። አዴል ዳያመንድ የተባለችው ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት ልጆች የፀሐይ ሥዕል ሲያዩ «ሌሊት»፣ የጨረቃ ሥዕል ሲያዩ «ቀን» እንዲሉ ጠይቀው ነበር። የሦስት ዓመት ተኩል ልጆች ደንቡን ቢረዱትም አፋቸው ያመልጣቸዋል። ሰባት ዓመት ገደማ የሆናቸው ግን ብዙም አይቸገሩም።

የላስታና የመቄት ሰው ይህን ልዩነት ያለ ቤተ ሙከራ ያውቀዋል። ትንሹ ልጅ ሲያጠፋ «ተዉት፣ ነፍስ አላወቀም» ይባላል። ጾምም ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው በሰባት ዓመት ነው። ከዚያ በታች ያሉት ትልልቆቹን አይተው «እኔም እጾማለሁ» ይሉና እስከ ረፋድ ቆይተው ይበላሉ፤ የሚቆጣቸው የለም፤ እንዲያውም «ጎበዝ፣ ዛሬ ጾምክ» ይባላሉ። የዘመኑ ተመራማሪ ቢጠየቅ ከዚህ የተሻለ ልምምድ መንደፍ ይከብደው ነበር፦ ልጁ ራሱ የመረጠው፣ አጭር፣ ቢያፈርሰው የማያስቀጣ፣ በየዓመቱ የሚረዝም መታቀብ ነው።

ስለ ልጆች ትዕግሥት ከተሠሩት ጥናቶች እንደ ዋልተር ሚሼል ሥራ የታወቀ የለም። ሚሼል እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለው ቢንግ መዋዕለ ሕፃናት ለልጆች ምርጫ ያቀርብ ነበር፦ አንድ ጣፋጭ አሁን፣ ወይም ተመራማሪው እስኪመለስ ከጠበቁ የተሻለውን ወይም ሁለት። ከውጤቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ልጆቹ የጠበቁበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በታተመው ሙከራ ጣፋጩ ፊታቸው ሲቀመጥ በአማካይ አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ቆዩ፤ ከዓይናቸው ሲነሳ ግን ከ11 ደቂቃ በላይ ጠበቁ። በተከታታይ በተደረጉት ሙከራዎች በደንብ የቆዩት ልጆች ፊታቸውን አዙረው፣ ዓይናቸውን ሸፍነው፣ ለራሳቸው እየዘፈኑ ወይም በእጃቸው እየተጫወቱ ነው። ጣፋጩን ትክ ብለው እያዩ ጥርሳቸውን ነክሰው የታገሱት ጥቂት ናቸው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ተራ ይመስላል፤ ሆኖም በየቤቱ ይዘነጋል። ልጅ እንዳይነካ የሚፈለገውን ስኳር ከፊቱ አስቀምጦ «እንዳትነካ!» ማለት ፈተናውን ማክበድ ነው። ዕቃውን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥና ልጁን ወደ ሌላ ጨዋታ መምራት ግን ማታለል አይደለም፤ አዋቂም ራሱን የሚገዛው በአብዛኛው በዚሁ ዘዴ ነው።

ይህ ፈተና ለብዙ ጊዜ በአብዛኛው የምዕራባውያንን ልጆች ሲለካ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ወደ ካሜሩን ወሰደው። ቤቲና ላምና ባልደረቦቿ የንሶ ብሔረሰብ ገበሬዎችን የአራት ዓመት ልጆች ከጀርመን ከተማ ልጆች ጋር አነጻጸሩ። ከንሶ ልጆች ከ10 ሰባት ያህሉ እስከ መጨረሻው ጠበቁ፤ ከጀርመኖቹ ከ10 ሦስት ያህሉ ብቻ። ጀርመኖቹ ሲቁነጠነጡ፣ ሲያወሩ፣ ሲዘፍኑ፣ ከንሶዎቹ ብዙዎቹ ጸጥ ብለው ተቀመጡ፤ እንቅልፍ የወሰዳቸውም ነበሩ። የንሶ እናቶች ልጅ ከጨቅላነቱ ጀምሮ ስሜቱን እንዲያረግብና ታላላቆቹን እንዲያከብር ይጠብቃሉ። እንዲህ ያለው አስተዳደግ ለሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ዶናልድ ሌቪን መንዝን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ፣ በአማራ የልጅ አስተዳደግ ትልቁ ግብ ታዛዥነት መሆኑን ጽፏል። በእንግዳ ፊት ዝም ማለት፣ ትልልቆች በልተው እስኪነሱ መቆየት፣ ሲጠሩ «አቤት» ብሎ መነሳት በመቄትም የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ የገጠር ልጅ ትዕግሥት የጎደለው ነው ብሎ የሚጀምር ምክር ከመነሻው ተሳስቷል።

ጥያቄው ሌላ ነው፦ ያ ጸጥታ ከየት መጣ? ልጁ ዝም ያለው ራሱን ገዝቶ ነው ወይስ አባቱ ስላዩት ነው? ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ የሚለዩት አባት ከቤት ሲወጡ ነው።

ለመጠበቅ የመጀመሪያው መሠረት እምነት ነው። ሴሌስት ኪድና ባልደረቦቿ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። ሃያ ስምንት ልጆች ከፈተናው በፊት የተሻለ የሥዕል ዕቃ እንደሚመጣላቸው ቃል ተገባላቸው። ለግማሾቹ መጣላቸው፤ ግማሾቹ ግን «ይቅርታ፣ አጣሁት» ተባሉ። ከዚያ የጣፋጩ ፈተና ሲቀርብ ቃል የተፈጸመላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ፣ የተታለሉት 3 ደቂቃ ያህል ጠበቁ። የተታለሉት ልጆች ደካሞች አልነበሩም፤ አስልተዋል። የማይመጣን ነገር መጠበቅ ሞኝነት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ደጋግ ወላጆች ሳይታወቃቸው ይሳሳታሉ። በገበያ ቀን እናት ልጇ እንዳያለቅስባት በጓሮ በኩል ሹልክ ብላ ትሄዳለች። «ዝም ካልክ ከረሜላ አመጣልሃለሁ» ትልና ባዶ እጇን ትመለሳለች። አልተኛም ያለው «ጅቡ መጣልህ» ይባላል፤ ጅቡ ሳይመጣ ይነጋል። እያንዳንዱ ለዕለቱ ይሠራል። ሲደጋገም ግን ልጁ የትልቅ ሰው ቃል የሚነገረው እሱን ዝም ለማሰኘት እንደሆነ ይማራል፤ ከዚያ በኋላ «ቆይ፣ ቆይተህ ታገኛለህ» ቢባል ለምን ይቆያል? ሕፃኑ እያየ «ገበያ ሄጄ ጥላው ሲዞር እመጣለሁ» ብሎ ተሰናብቶ መሄድ ለቅሶ ያመጣል፤ ግን እናት በተባለው ሰዓት ስትመለስ ልጁ መጠበቅ ዋጋ እንዳለው በገዛ ዓይኑ ያያል። ከረሜላ መግዣ ከሌለ አለመናገር ይሻላል።

ኑሮ ራሱ ቃሉን በማይጠብቅበት አገር ነገሩ ይከብዳል። የበልግ ዝናብ በሚያታልልበት ደጋ፣ ዛሬ የተገኘውን ዛሬ የሚበላ ልጅ ሥነ ሥርዓት የጎደለው አይደለም። በ2013 ዓ.ም መጨረሻ ሰሜን ወሎ የደረሰውና እስከ 2014 አጋማሽ መዳረሻ አካባቢውን ያመሰው ጦርነት፣ ከነሐሴ 2015 ወዲህም በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ብዙ ልጆችን ለድንጋጤና ለመፈናቀል ዳርጓል፤ ትምህርት ቤቶችንም ዘግቷል። ለረጅም ጊዜ በፍርሃት የኖረ ልጅ አንጎሉ አደጋ ለመጠበቅ ስለሚዘጋጅ በትንሹ ይደነግጣል፣ በትንሹ ይማታል፣ ትኩረቱ ይበተናል። እንዲህ ያለውን ልጅ «አስቸገረ» ብሎ መቅጣት ቁስሉን መንካት ነው። የሚረዳው ቀኑ እንደገና መልክ ሲይዝለት ነው፦ በተለመደ ሰዓት መብላት፣ ከሚያምነው ሰው አጠገብ መተኛት፣ ነገ ምን እንደሚሆን በአጭሩ መስማት።

የተራበና እንቅልፍ ያጣ ልጅም ራሱን አይገዛም። ይህ ግልጽ ስለሆነ ማስረዘም አያስፈልግም፤ ሆኖም ማታ ማታ የሚያለቃቅስ ልጅ ከመገሰጹ በፊት ቀን ምን በላ ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ ቁጣ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያከራክረው ዱላ ነው። አርጩሜ፣ ቁንጥጫ፣ አንዳንዴም በርበሬ ማጠን ልጅን የሚያርሙ ተደርገው ለዘመናት ኖረዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት የተጠበቁ መሆናቸውን ይደነግጋል። ለቤት ውስጥ ግን ሕጉ ያን ያህል አልጠበቀም፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 ልጅን ማጎሳቆልን እየቀጣ፣ ለመልካም አስተዳደግ ተብሎ የሚወሰድንና ከሕግ የማይቃረንን የተግሣጽ እርምጃ ከቅጣቱ ውጪ ያደርገዋል። በወረቀት የተከለከለውም ቢሆን በክፍል ውስጥ አልጠፋም። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማራን ጨምሮ በአምስት አካባቢዎች 3,000 የኢትዮጵያ ልጆችን የተከታተለው «ያንግ ላይቭስ» የተባለ ጥናት፣ ከስምንት ዓመት ልጆች ከሦስቱ ከአንዱ በላይ ባለፈው ሳምንት በአስተማሪ መመታታቸውን መናገራቸውን መዝግቧል።

ዱላ ልጅን ያስቆማል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ችግሩ የሚያስቆመው ዱላው ባለበት ብቻ መሆኑ ነው። የተመታ ልጅ ስለ ሠራው ነገር ሳይሆን ስለ ሕመሙና እንዴት እንደሚያመልጥ ያስባል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስኳሩን ከመተው ይልቅ ማንም ሳያይ መላስን ይመርጣል። ቁጣ የያዘው ትልቅ ሰው ሲማታ ደግሞ ቁጣ ሲይዝ መማታት እንደሚቻል በተግባር ያሳያል።

ከፍላቂት በዚያው መንገድ ወደ ምዕራብ ሲኬድ፣ ወረታ ሳይደረስ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ የሚገኘው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ሌላ መንገድ ሞክሯል። በዙምራ ኑሩ የተመሠረተው ይህ ማኅበረሰብ የልጆችን መብት ከዋና መርሆዎቹ አንዱ አድርጎታል። ቤተሰቡ በየጊዜው ተሰብስቦ ስለየአንዳንዱ ጠባይ ይነጋገራል፤ ልጆችም ስለ ወላጆቻቸው ጭምር ይናገራሉ። በቤተሰቡ ፊት ጥፋቱን ያለ ፍርሃት መናገር የለመደ ልጅ፣ ማንም ባያየውም ራሱን የሚጠይቅበት ዕድል ይሰፋለታል። ይህን ለመውሰድ የአውራ አምባን አኗኗር ሁሉ መቀበል አያስፈልግም፤ ከእራት በኋላ ለአሥር ደቂቃ መነጋገር ይበቃል።

ልጆች ራሳቸውን መግዛት በብዛት የሚማሩት ግን በጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የታተመው የሩሲያዊቷ የማኑይሌንኮ ጥናት እንዳሳየው፣ ዝም ብለው ሳይንቀሳቀሱ እንዲቆሙ የተጠየቁ ትንንሽ ልጆች ብዙም አልቆዩም፤ በጨዋታ ውስጥ ዘብ ጠባቂ ሲሆኑ ግን በጣም ረዘም ላለ ጊዜ ቆሙ። የጨዋታው ሚና ከትእዛዝ ይበልጥ ያዛቸዋል።

የአገሩ ጨዋታዎች በዚህ በኩል ሀብታም ናቸው። በአኩኩሉ ጨዋታ ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ዶሮ ይጮኻል፤ ተደባቂዎቹ አልነጋም እያሉ ያቆዩታል። ማየት እያማረው፣ ዓይኑን መግለጥ እየቻለ፣ እስኪነጋ ይጠብቃል፤ አጭበርብሮ ቢያይ የሚቀጡት እኩዮቹ ናቸው፣ ቅጣቱም ከጨዋታ መውጣት ነው። በቅልልቦሽ ጠጠሩ ከአየር እስኪወርድ እጅና ዓይን ይገራሉ። በገበጣ ዛሬ ጥቂት ጠጠር መብላትን ትቶ በሚቀጥለው ዙር ብዙ ለመብላት ማሰብ ያስፈልጋል። በእንቆቅልሽ ደግሞ መልሱን የሚያውቀው ልጅ ተራው ያልሆነ እንደሆነ አፉን መያዝ አለበት፤ ለአምስት ዓመት ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ስቃይ የለም! እነዚህ ጨዋታዎች ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ጊዜና ከበላያቸው እየቆመ የማያዝዝ ትልቅ ሰው ነው። ልጅ ተራውን እየተሟገተ፣ እየተኳረፈ፣ እየታረቀ ሲጫወት በየደቂቃው የሚገላግል ሰው ከመጣ ልምምዱን ይነጥቀዋል።

ሥራም ያስተምራል። በመቄት የስድስት ዓመት ልጅ ግልገል ወይም ጥጃ ይጠብቃል። ጨዋታው ስቦት ዓይኑን ካነሳ ግልገሉ ገብሱ ውስጥ ይገባል። ሥራው ከባድ ውጤት ስላለው ልጁ ትልቅ የሆነ ያህል ይሰማዋል፤ ትኩረቱም ይሰላል። ነገር ግን ያው ልጅ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ብዙ በግ ሲሰጠው፣ ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ሕፃን አዝላ የሕፃኑን ቁጣ እንድታበርድ ስትጠየቅ፣ ከአቅም በላይ ይሆናል። ገና የራሷን ስሜት መግዛት የምትማር ልጅ የሌላውን እንድትገዛ ከመጠየቋ በፊት እሷን የሚያግዝ መኖር አለበት።

የቄስ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ሌላ ገጽታ አለው። ፊደሉን አንድ በአንድ በስንደዶ እየነኩ ድምፅ ከፍ አድርጎ መቁጠር ዓይንን፣ እጅንና አፍን በአንድ ያስራል፤ ትኩረትንና ትውስታን ያሠለጥናል። አርጩሜው ባይኖርበት ከብዙ አዳዲስ ዘዴዎች አያንስም ነበር። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች በ2002 ዓ.ም ከወጣው የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ በኋላ የተስፋፋው የቅድመ አንደኛ ደረጃ ኦ ክፍል ብዙ ልጆችን ከቤት አውጥቷል። ብዙ ጊዜ የሚታይበት ድክመት ሰፊ ቁጥር ያላቸውን የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆች እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ አግዳሚ ላይ አስቀምጦ ዝም ማሰኘቱ ነው። ለዚህ ዕድሜ ልጅ ቆሞ መዘመር፣ «ቁም» ሲባል ባለበት መድረቅ፣ ቀስ ብሎ መናገርና ጮክ ብሎ መናገርን ማፈራረቅ ከመቀመጥ ይበልጥ ራስን መግዛት ያስተምረዋል።

ቁጣው ሲፈነዳ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ትልቁ ሰው ይረጋጋ፤ ሁለት የተቆጡ ሰዎች አንዱ ሌላውን አያበርድም። ልጁ እየጮኸ ሳለ ምክር አይገባውም፤ ስለዚህ ቃል ያጥራል። ማንንም እንዳይመታ እጁን ይዞ፣ ዝቅ ብሎ፣ «ተናደድክ አይደል? እህትህን መምታት ግን አይቻልም። ና፣ እኔ ጋ ቁጭ በል» ማለት ይበቃል። ስሜቱ ስም ተሰጠው፤ ድርጊቱ ተከለከለ፤ ብቻውን አልቀረም። ለቅሶው ሲያበቃ የተከለከለው ነገር መልሶ ከተሰጠው ግን ለሚቀጥለው ጊዜ መጮህ እንደሚያዋጣ ይማራል። ከተረጋጋ በኋላ «በሚቀጥለው ጊዜ ሲነጥቁህ ምን ትላለህ?» ብሎ አብሮ መለማመድ ይጠቅማል፤ «ሲነጥቁኝ መልስልኝ እላለሁ፣ እምቢ ካለ አንቺን እጠራለሁ» ያለ ልጅ ቁጣው ሲመጣ የሚይዘው ነገር አለው። ከጨዋታ የሚጠራ ልጅም ድንገት ከሚጎተት ይልቅ «አንድ ዙር ተጫወትና እንሄዳለን» ቢባል፣ ዙሩም ሲያልቅ በእርግጥ ቢኬድ፣ ትግሉ ይቀንሳል። ብቻውን ሲጫወት ለራሱ ጮክ ብሎ የሚያወራ ልጅ ዝም መባል የለበትም። ሌቭ ቪጎትስኪ እንዳስረዳው ያ ንግግር በኋላ ወደ ውስጥ ገብቶ ልጁ ራሱን የሚያዝበት ሐሳብ ይሆናል።

የዚህ ችሎታ ጥቅም ሩቅ ይደርሳል። በኒው ዚላንድ ዱኔዲን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 የተወለዱ 1,037 ልጆችን የተከታተለው ጥናት፣ በልጅነታቸው ራሳቸውን መግዛት የቻሉት በ32 ዓመታቸው በጤናም በገንዘብ አያያዝም የተሻሉ ሆነው እንዳገኛቸው በ2011 አስታውቋል። ይሁን እንጂ አንድ ደቂቃ ቀድሞ የበላ ልጅ ዕጣው ተቆርጧል ማለት አይደለም። ታይለር ዋትስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 የሚሼልን ፈተና በሰፊው ሲደግሙት፣ የቤተሰቡ ኑሮና አስተዳደግ ከግምት ሲገባ የፈተናው ትንበያ በጣም አንሶ ተገኝቷል።

አብዛኛው መንቀዥቀዥ ከዕድሜ ጋር ይበርዳል። ልጁ ሰባት ዓመት አልፎትም በቤትም፣ በትምህርት ቤትም፣ በጨዋታም ከእኩዮቹ እጅግ በተለየ ሁኔታ መቆም ካልቻለ፣ ራሱን ወይም ሌሎችን ደጋግሞ ከጎዳ፣ ወይም ቀድሞ ይችለው የነበረውን ካጣ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። ከሁሉ በፊት ጆሮው መመርመር አለበት። በጆሮ ኢንፌክሽን መስማት የቀነሰ ልጅ ሲጠራ አይመጣም፣ የተባለውን አያደርግም፣ እሱም «እምቢተኛ» እየተባለ ይቀጣል። ከጦርነቱ ወዲህ በሌሊት እየባነነ የሚጮህ ወይም አልጋ ማርጠብ የጀመረ ልጅም የሚያስፈልገው ሕክምናና የሚያረጋጋው ሰው ነው፤ ለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የመጀመሪያ መጠየቂያ ስትሆን፣ ጤና ጣቢያው እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ወልዲያ ሆስፒታል ሊልክ ይችላል።